የራስን መስመር ማግኘት

ጥያቄ፦ ከፎቶ በእርሳስ የምሥላቸው ፊቶች ቁርጥ ባለቤቶቻቸውን ይመስላሉ፤ የእኔ አሣሣል ግን አይታይባቸውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሩ ያለው ፎቶው ላይ ነው። ብርሃኑንና ማዕዘኑን ካሜራው አስቀድሞ ስለመረጠ ለእርስዎ የተረፈው መገልበጥ ብቻ ነው። ጥላውን በሶፍት ማሸትም የእጅዎን ምልክት ያጠፋል።

አንድ ጀበና ፊት ለፊትዎ ያስቀምጡ። በእስክሪብቶ፣ ያለ ላጲስ፣ 10 ጊዜ ይሣሉት፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል 3 ደቂቃ ይስጡ። ከዚያ ጀበናውን ደብቀው ሌላ 10 ከትዝታዎ ይጨምሩ። ዋናው ሥራ ይኸኛው ነው፤ ዓይን የረሳውን እጅ በራሱ መንገድ ይሞላዋልና። ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግተው የሚደጋገመውን በቀይ ይክበቡ፦ የረዘመ አንገት፣ የተቆራረጠ መስመር፣ ባዶ የተተወ ሆድ። ስህተት ነው ብለው አያርሙት። በሚቀጥለው ፊት ላይ ሆን ብለው ያጉሉት።