«የወንድሜን ድምፆች ማግኔት ያጠፋቸዋል?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው ከተባለ አምስት ዓመት ሆነው። ክኒኑን አያቋርጥም፤ ማታ ማታ የምሰጠው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሪስፐሪዶን ነበር፣ አሁን ኦላንዛፒን ነው። እንቅልፉ ተስተካክሏል፣ ጥርጣሬውም ቀንሷል። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ግን አልለቀቀውም። አንድ ሽማግሌ በአማርኛ ይሰድበዋል። ዕቃ እያጠበ ሲመልስለት እሰማዋለሁ። አሁን አንድ ክሊኒክ በማግኔት እናክመው፣ 36 ጊዜ ይመላለስ አሉን። ኢንሹራንሱ አይሸፍንም፤ 9,000 ዶላር ነው። የእቁቤ ዕጣ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ማግኔት ምን ያደርግለታል፣ አምጪውና ጸበል ይጠመቅ» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እቁቡን ለጊዜው አትንኪው።

ማሽኑን በደንብ አውቀዋለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሦስት ዓመት ያህል ያንን ማግኔት ሰው ጭንቅላት ላይ ሳስቀምጥ ነው የዋልኩት። ወንበሩ የጥርስ ሐኪም ወንበር ይመስላል። ማግኔት ሲባል ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው አይምሰልሽ። በስምንት ቁጥር ቅርፅ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ። ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲለቀቅበት የማግኔቱ ኃይል የራስ ቅሉን አልፎ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ይገባና እዚያ ያሉትን የነርቭ ሴሎች ይቀሰቅሳል። ይህን ሰው አንጎል ላይ መጀመሪያ ያሳዩት በ1985 እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ናቸው። (ዓመቶቹን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ከሕክምናው በፊት እጅን የሚያዘውን የአንጎል ቦታ እንፈልጋለን። ሲገኝ፣ አውራ ጣት ማንም ሳያዘው ብድግ ይላል። እዚህ ላይ የማይስቅ ሰው አላየሁም። ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃውን ኃይል የምንመጥነው በዚያች ጣት ነው። ከዚያ ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ያለውን ድምፅ አስቢው። ማደንዘዣ የለውም። ከኤሌክትሪክ ሾክ ጋር አታምታቺው። ሰውዬው ነቅቶ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ተነስቶ ይሄዳል። ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ መንጋጋም ይነዝራል።

አሁን ወደ ድምፁ። ዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ራልፍ ሆፍማን የተባሉ ሳይካትሪስት አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ድምፅ የሚሰማ ሰው አንጎሉ ሲታይ፣ ንግግር የሚሰማበት አካባቢ ማንም ሳያናግረው ይሠራል። ታዲያ ያንን ቦታ ብናረጋጋውስ? ቦታው ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ነው። ማግኔቱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ሲመታ ሴሎቹን ያረጋጋል፤ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ደግሞ ያነቃቃል። በ1999 በሦስት ሰዎች ጀመሩ። በ2005 ባወጡት የ50 ሰዎች ጥናት፣ እውነተኛውን ማግኔት ካገኙት ግማሽ ያህሉ ተሻላቸው። ማስመሰያውን ካገኙት ግን ከአምስት አንድ እንኳ አልሞላም። ማስመሰያ ማለት ድምፁም ንዝረቱም ያለው፣ ማግኔቱ ግን ወደ አንጎል እንዳይገባ የዞረ ነው።

ጥሩ ዜና ይመስላል አይደል? ከዚያ በ2011 ኔዘርላንድስ ውስጥ በ62 ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በእውነተኛውና በማስመሰያው መካከል ልዩነት ጠፋ። እንዲህ ከፍ ዝቅ እያለ ነው እስከ ዛሬ የደረሰው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ማሽን በ2008 ለድብርት፣ በ2018 ደግሞ ለኦሲዲ (አንድን ሐሳብ ወይም ድርጊት ደጋግሞ ለሚያስገድደው ሕመም) ፈቅዷል። ለስኪዞፍሬንያ ግን አልፈቀደም። ሐኪም በራሱ ውሳኔ ቢሞክረው ሕጉ አይከለክለውም፤ ኢንሹራንሱ እምቢ ያለሽ ግን በዚህ ምክንያት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የያዘው 36 የሚለው ቁጥር ነው። 36 ቀጠሮ የድብርት ሕክምና ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሳምንት፣ ከዚያ እየተራራቀ ስድስት ጊዜ። የሚመታውም ግራ ግንባር ላይ ነው፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ። ለድምፅ የተጠናው ግን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ ደውይና «የት ላይ ነው የምታደርጉለት? በሰከንድ ስንት ጊዜ?» ብለሽ ጠይቂ። «ግንባር፣ አሥር» ካሉሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። ወንድምሽን ሳያዩ ለሁሉም የሚሸጡትን ነው የሸጡልሽ።

ማግኔቱ ጭራሽ አይሠራም እያልኩሽ ግን አይደለም። ለድምፅ ብሎ የመጣ አንድ ጎልማሳ አስታውሳለሁ። አሥረኛው ቀን ላይ «እንዴት ነው?» አልኩት። «ሬድዮው አልጠፋም፣ ግን ጎረቤት ቤት ገብቷል» አለኝ። ያ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ቻለ። ሁለት ወር ቆይቶ ሬድዮው ተመልሶ እሱ ቤት ገባ።

ከማግኔቱ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ወንድምሽ ክሎዛፒን ሞክሯል? ሁለት መድኃኒት በበቂ መጠን፣ እያንዳንዱን ስድስት ሳምንት ያህል ወስዶ ካልረዳው፣ ቀጣዩ ተራ የክሎዛፒን ነው። በ1988 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሌላ መድኃኒት ካልሠራላቸው ሰዎች መካከል በክሎዛፒን 30 በመቶው ተሻላቸው፤ ክሎርፕሮማዚን በሚባለው የቆየ መድኃኒት ግን 4 በመቶው ብቻ። የማግኔቱ ውጤት ግን እንዳልኩሽ ከጥናት ጥናት ከፍ ዝቅ ይላል። ክሎዛፒን ደም ምርመራ ይፈልጋል፣ ያወፍራል፣ ያንቀላፋል፣ ለሃጭ ያበዛል፤ ሆድ ድርቀቱም ችላ የሚባል አይደለም። ቢሆንም ተራው የእሱ ነው።

አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። ክሎዛፒን አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚቀንስ፣ ሐኪሞች ቁጥሩ ዝቅ ያለበትን ሰው ማስጀመር ይፈራሉ። ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ደግሞ ምንም ሳያመን ቁጥራችን በተፈጥሮ ዝቅ ይላል። እኔም አንዷ ነኝ። ስቀጠር ባደረግኩት ምርመራ ሐኪሙ ደንግጦ ሁለቴ ደም አስቀዳኝ። ከ2015 ጀምሮ የአሜሪካው መመሪያ እንዲህ ላሉ ሰዎች ዝቅ ያለ መነሻ ፈቅዷል። «ደሙ አይፈቅድም» ከተባልሽ፣ «ይህ ከዘር የመጣ፣ ጤናማ የሆነ ዝቅታ አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሁሉም ተሞክሮ ማግኔት ላይ ከተደረሰ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ መሞከር የሚቻልበት መንገድ ጥናት ውስጥ መግባት ነው። ክሊኒካል ትራያልስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ የተከፈቱትን ታገኚያለሽ። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ካለ፣ የሚጥል በሽታ ካለበት፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም እንቅልፍ የሚያጣ ከሆነ አትደብቁ። ማግኔቱ አልፎ አልፎ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ ክሎዛፒንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያት፦ ጸበሉን ይጠመቅ፣ ክኒኑን ግን አያቁም። እኔም እናቴን ያሳመንኳት በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው። ልጄ 31 ዓመቷ ነው። ድምፅ መስማቱ ቆሟል። ግን ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ አታወራም፣ ጓደኛ የላትም፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከክፍሏ የምትወጣው ቡና ሲቆላ ብቻ ነው። ማግኔት ለዚህም ይሆናል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህ ከድምፁ ይከብዳል። እዚያው ጀርመን ውስጥ 175 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 ታትሟል። ሦስት ሳምንት፣ 15 ጊዜ፣ ግራ ግንባር ላይ። ማስመሰያውን ካገኙት የተለየ ለውጥ አልታየም። ቦስተን ውስጥ በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከአንጎል በስተኋላ፣ ከማጅራት በላይ ያለውን ሴሬቤለም መቀስቀስ ይህንን ዝምታ ሊያቀለው እንደሚችል አሳይቷል። የተሞከረባቸው ሰዎች ግን በጣም ጥቂት ስለሆኑ አሁን ተነስተው አይሂዱበት።

ሐኪሟን ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። የመድኃኒቱ መጠን በዝቶባት ይሆን? ድብርትስ ይዟት ይሆን? ሁለቱም ያንኑ ዝምታ ይመስላሉ፣ ሁለቱም ደግሞ መላ አላቸው። እስከዚያው ለቡናው ስትወጣ ሲኒውን እሷ ትደርድር፤ ባታወራም አይቆጧት።