አረብኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም፤ ከዜሮ ትጀምር?

«27 ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከ10ኛ ክፍል አቋርጬ ቤይሩት ሄድኩና ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። አረብኛ አፌን እንደፈታሁበት ነው የምናገረው። እዚያ ሳለሁ የኛ ልጆች ሲታመሙም ሲታሰሩም የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። አገሬ ተመልሼ አንድ የትርጉም ቢሮ ሥራ ብጠይቅ፣ የውክልና ወረቀት ሰጥተው ‹እስቲ ተርጉሚው› አሉኝ። ፊደሉን እንኳ በቅጡ አልለየውም። ሰውየው ‹ያንቺማ የወጥ ቤት አረብኛ ነው› ብሎ ሸኘኝ። እውነት የኔ አረብኛ አይደለም? ከዜሮ ልጀምር ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ አትተዪውም፤ ከዜሮም አትጀምሪም። የሰውየው አነጋገር ነውር ነው። ያን ወረቀት መተርጎም አለመቻልሽ ደግሞ እውነት ነው። ሁለቱ እንዲለዩልሽ የቋንቋውን ታሪክ ትንሽ ልንገርሽ። የትኛውን ሥራ ዛሬ መያዝ እንደምትችዪ፣ የትኛው ደግሞ ጊዜ እንደሚፈልግ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

አረብኛ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ዓሚያ ነው፤ በቤት፣ በገበያ፣ በስልክ የሚነገረው፣ ከአገር አገር የሚለያየው። ሌላው ፉስሃ ነው፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና ዜና የሚጻፍበት፣ ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ አንድ የሆነው። ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው፣ ፉስሃ የማንም የእናት ቋንቋ አለመሆኑን ነው። የቤይሩት ልጅም ቤቱ በዓሚያ አፉን ይፈታና ፉስሃን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እየተቆጡት እየተኮረኮመ ነው የሚማረው። ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ1959 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ሁኔታ ሲተነትን ዋና ምሳሌ ካደረጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አረብኛ ነበር። እኛ በአማርኛ እየተነጋገርን ጋዜጣውም፣ ውሉም፣ የተማሪው መጽሐፍም በግዕዝ ቢሆን ብለሽ አስቢው። አማርኛ የሚናገረውን ሰው ቋንቋ አታውቅም የሚለው ይኖራል? ያንቺም እንዲሁ ነው። የምትናገሪው የሊባኖስ ዓሚያ ሙሉ አረብኛ ነው፤ የጎደለሽ ጽሕፈቱ ነው።

ይህ ክፍፍል የቆየ ነው። ከእስልምና በፊትም የአረብ ጎሳዎች አነጋገር የተለያየ ነበር። በደቡብ ሶርያ ነማራ በተባለ ቦታ የተገኘው፣ በ328 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው የአረብ ንጉሥ የኢምሩ አልቀይስ የመቃብር ጽሑፍ ቋንቋው አረብኛ ሆኖ ፊደሉ በዛሬው ዮርዳኖስ አካባቢ የነበሩት ናባታውያን የሚጽፉበት ነው፤ ዛሬ የምናየው የአረብኛ ፊደልም ያደገው ከዚያው ከናባታውያን ፊደል ነው። ገጣሚዎቹ በየጎሳው ከሚነገረው ከፍ ያለ የጋራ ቋንቋ ነበራቸው። በ7ኛው መቶ ዘመን ቁርኣን መጣ፤ ጽሑፉም ለቋንቋው መለኪያ ሆነ። የአረብ ሠራዊት በኢራቅ ባስራንና ኩፋን፣ በግብፅ ፉስጣጥን ሲቆረቁር ደግሞ አረብኛ አራማይክ፣ ፋርስኛና ቅብጥኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ገበያ ዋለ፣ ተጋባ፣ ተቀላቀለ። የየአገሩ ዓሚያ እዚያ ውስጥ ነው የበሰለው። ሊባኖስ ቀድሞ የአራማይክ አገር ስለነበረች ያንቺ አረብኛ ዛሬም የዚያን ቋንቋ አሻራ ይዟል። ስለዚህ ዓሚያ የፉስሃ ብልሽት ነው ሲሉሽ አትቀበዪ።

ከዚያ የሥራ ነገር መጣ። በ7ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኸሊፋ ዓብዱልመሊክ የመንግሥት መዝገብ ከግሪክኛና ከፋርስኛ ወደ አረብኛ እንዲዞር አዘዘ፤ ሳንቲሙንም በአረብኛ ጽሑፍ አስመታ። ደማስቆ ተቀምጦ በግሪክኛ ግብር ሲመዘግብ የኖረ ጸሐፊ እንጀራው እንዳይቋረጥ የአረብኛ ጽሕፈት መማር ግድ ሆነበት። አንቺን ዛሬ የገጠመሽ ጥያቄ እነዚያን ጸሐፊዎች ቀድሞ ገጥሟቸዋል።

አሁን ወደ ውክልናው ወረቀት እንምጣ። አንባቢዎቼም ጉዳዩን ከቅርብ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። አረብኛ በተለመደው አጻጻፍ አጭር አናባቢዎችን አይጽፍም። ቤት ለማሸጥ በተሰጠ ውክልና ላይ «ሙወኪል» ማለት ውክልና የሰጠው ባለቤት ነው፤ «ሙወከል» ደግሞ ውክልና የተቀበለው ሰው ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም የሚጻፉት በአራት ተመሳሳይ ፊደላት ነው፤ ልዩነታቸው የማይጻፍ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ተርጓሚው ካቀያየራቸው የባለቤቱ ቤት በሌላ ሰው ስም ሊዞር ነው። በጥንቃቄ የሚጽፉ ሰዎች ለተቀባዩ «ወኪል» የሚለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ቢሮው መፈተኑ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ስድቡ ላይ ነው።

ይህ አደጋ ጥንትም ያስጨንቅ ነበር። ሲተረክ እንደኖረው፣ የባስራው አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ አንድ ሰው የቁርኣን አንቀጽ ሲያነብ የአንዲት ቃል መጨረሻ ላይ አናባቢ ቢስት ትርጉሙ ወደ ክህደት ሲዞር ሰማና ደነገጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው አናባቢን በነጥብ ማመልከት የጀመረው ይባላል። ዛሬ የምናያቸውን ምልክቶች ያበጀውና የመጀመሪያውን የአረብኛ መዝገበ ቃላት የጀመረው ደግሞ በ8ኛው መቶ ዘመን የኖረው አልኸሊል ኢብን አሕመድ ነው ይላሉ።

የአልኸሊል ተማሪ የነበረውን የሲበወይህን ነገር ላንቺ ብዬ አቆይቼዋለሁ። ሲበወይህ ፋርስ ነው፤ አረብኛ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። ባስራ ሐዲስ ሊማር መጥቶ በመምህሩ ፊት ሲያነብ የአንድ ስም መጨረሻ ይስታል፤ መምህሩም በሰው ፊት ያርመዋል። በዚህ አፍሮ፣ ማንም ስህተት የማያወጣበትን ዕውቀት ሊማር ምሎ ወደ ሰዋስው ዞረ ይላል ታሪኩ። የጻፈው መጽሐፍ ከሺ ሁለት መቶ ዓመት በኋላም የአረብኛ ሰዋስው መሠረት ነው። የአረቦችን ቋንቋ ሕግ ለአረቦቹ የጻፈላቸው እንዳንቺ ቋንቋውን ዘግይቶ የተማረ ሰው ነው።

አንቺ ደግሞ ከእሱ የተሻለ መነሻ አለሽ። ቤይሩት ቡናን «አህዌ» ትዪ ነበር፤ የባሕረ ሰላጤው ሰው «ገህዋ» ይላል፤ ፉስሃው «ቀህዋ» ነው። የሊባኖስ አፍ «ቀ»ን ውጦ «አ» እንደሚያደርገው ካወቅሽ ብዙ በር ይከፈትልሻል። «አልብ» የምትዪው ሲጻፍ «ቀልብ» ነው፤ «ወእት» «ወቅት» ነው፤ «አለም» ብለሽ የምትጠሪው ብዕር «ቀለም» ነው። ሦስቱንም ከአማርኛ ታውቂያቸዋለሽ! አማርኛና አረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው፤ ከዚያም በላይ ሲዋዋሱ ኖረዋል። ከአንድ ሥር ቃል እየተረቡ የሚያድጉ ቃላት ለአንድ እንግሊዛዊ ተማሪ መከራ ናቸው፤ ላንቺ ግን ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ ስትዪ የኖርሽበት መንገድ ነው። የአረብኛ መዝገበ ቃላት በአብዛኛው በሥር ፊደላት የተደረደረ ስለሆነ ይህን ማወቅሽ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይጠቅምሻል።

የዛሬው ፉስሃ ከጥንቱ የቀለለ መሆኑንም ዕወቂ። በ19ኛው መቶ ዘመን ናህዳ በተባለው መነቃቃት ጊዜ ቋንቋው ለጋዜጣ፣ ለሳይንስና ለአስተዳደር እንዲመች ታደሰ። ካይሮ ላይ ቡላቅ የተባለው ማተሚያ ቤት በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ በፓሪስ የተማረው ሪፋዓ አት-ተህታዊ የመራው የቋንቋዎች ትምህርት ቤት በ1835 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ተርጓሚዎችን አፈራ። ሌላዋ ማዕከል አንቺ የደከምሽባት ቤይሩት ናት፤ ቡጥሩስ አል ቡስታኒ መዝገበ ቃላቱንና ኢንሳይክሎፒዲያውን ያዘጋጀው እዚያ ነው። የደማስቆና የካይሮ የቋንቋ አካዳሚዎችም በ20ኛው መቶ ዘመን ተከትለው ለአዳዲስ ነገሮች ስም ሲፈልጉ ኖረዋል። መኪና የምትዪበት «ሰያራ» ጥንት አብሮ የሚጓዝ የመንገደኛ ቅፍለት ማለት ነበር። በዚህ ሁሉ ሥራ ምክንያት የጋዜጣ አረብኛ አጭርና ተደጋጋሚ ሆኗል፤ የመማሪያሽ በርም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከአረብኛ መተርጎም በአገራችን አዲስ ሙያ አይደለም። ፍትሐ ነገሥትም ስንክሳርም ወደ ግዕዝ የመጡት ከአረብኛ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አቡነ ሰላማ «መተርጉም» የሚል ስም የተሰጣቸው በዚሁ ሥራ ነው። የወሎና የሐረር ዑለማዎችም ነህውን፣ ማለትም የአረብኛን ሰዋስው፣ ለዘመናት አስተምረዋል፣ በአረብኛም ጽፈዋል። ይህን ሙያ ስትይዢ ባለቤት የሌለው ነገር የያዝሽ አይምሰልሽ።

ወደ ሥራው ልግባ። በቃል ማስተርጎምና ጽሑፍ መተርጎም ሁለት ሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ቤይሩት ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ ሠርተሽዋል፤ ደሞዝ ስላልተከፈለሽ ብቻ ልምድ አይደለም አትበዪ። ዛሬ ማመልከት የምትችዪው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ልጅቷ ችግር ሲገጥማት ከአሠሪዋ ጋር በስልክ የሚነጋገር ሰው ይፈልጋሉ። ፈቃዳቸውን ሳታዪ ግን እግርሽን አታስገቢ፤ ቋንቋሽን ደላላ እንዳይጠቀምበት። ሕጉ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት እንዲሠለጥኑ ስለሚያዝ፣ ቋንቋውንና የቤቱን ኑሮ በዓይኑ ያየ አሠልጣኝ ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የሱዳን፣ የየመንና የሶርያ ስደተኞች ጋር የሚሠሩ ክሊኒኮችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሠልጣኞችሽ ሪያድ የሚሄዱ ከሆነ የቤይሩቱን ብቻ አታስተምሪያቸው። «አሁን» ለማለት አንቺ «ሀላእ» ትያለሽ፤ ሪያድ «አልሒን»፣ ጅዳ «ደሒን»፣ ካይሮ «ዲልወእቲ»፣ ኻርቱም «ሀሳ» ነው፤ ፉስሃው «አልአን» ነው። እንዲህ ያሉትን በየቀኑ አፍ ላይ የሚመላለሱ ቃላት በአገር በአገር ለይተሽ በደብተርሽ አስፍሪ። ከሶርያውያን ጋር ወዲያው ትግባቢያለሽ፤ የሱዳኑና የየመኑ ጆሮሽን እስኪለምድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

ጽሑፍ መተርጎም ግን ይቆይሽ። ፊደሉ 28 ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ከሰጠሽው በሁለት ወር ውስጥ ቀስ ብለሽ ታነቢያለሽ ብዬ አምናለሁ፣ ቃሉ አስቀድሞ በጆሮሽ አለና። ከዚያ የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት በአረብኛ የሚያሳትመውን አል-ዓለም ጋዜጣ ያዢ። የአገራችንን ጉዳይ ስለሚጽፍ ነገሩን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ፤ ተመሳሳዩን ዜና ከአዲስ ዘመን ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ። አልጀዚራ ለተማሪዎች ያዘጋጀው ነጻ የአረብኛ ድረ ገጽም ስልክሽ ላይ ይከፈታል። ነህውን ደግሞ ከሰው ተማሪ። መድረሳ ቆይቶ ነህውና ሰርፍ (የቃላት እርባታ) የቀራ፣ መጽሐፍ እንደ ውኃ የሚያነብ፣ አረብ ፊት ሲቆም ግን አፉ የሚያያዝበት ወጣት በየሰፈሩ አለ። እሱ ያነበበልሽን አንቺ ወደ ንግግር ብትመልሺለት ሁለታችሁም ገንዘብ ሳታወጡ ትማራላችሁ። እምነታችሁ ቢለያይም ሰዋስው አያጣላም።

12ኛ ክፍልን በማታ ጨርሺ። ይህን ሳትጨርሺ ዲግሪ የለም፤ ዲግሪ ከሌለ ደግሞ ትልልቆቹ በሮች አይከፈቱም። አረብኛ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋ ነው። ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎችም አንዱ ነው፤ የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እዚያ በጉባኤ የሚያስተረጉሙት ፉስሃን ከዓሚያ ጋር አዋህደው፣ ሌላም ቋንቋ ጨምረው፣ በልዩ ሥልጠና የመጡ ናቸው። ለአንቺ የዓመታት መንገድ ነው፤ ቢሆንም የተዘጋ አይደለም።

እስከዚያው የሥራ ማመልከቻሽ ላይ «አረብኛ፦ በጣም ጥሩ» ብለሽ አትጻፊ። ያ ቃል ነው የውክልና ወረቀት ፊትሽ ያስቀመጠው። እንዲህ ጻፊው፦ «የሊባኖስ አረብኛ፦ ንግግርና የቃል ትርጉም፣ በሕክምናና በፖሊስ ጉዳዮች ልምድ ያለኝ። ፉስሃ፦ ንባብ በመማር ላይ።» ከሥሩ ያስተረጎምሽባቸውን ጉዳዮች ዓይነት ጨምሪ፤ የሰዎቹን ስም ግን አትጥቀሺ። አብረውሽ ከነበሩት ልጆች ምስክር የሚሆኑሽን ሁለት ካገኘሽ ስልካቸውን አስፈቅደሽ ያዢ። ኤጀንሲ ሄደሽ ሲጠይቁሽም ወረቀት ከመቀበልሽ በፊት በስልክ እንዲፈትኑሽ ጠይቂ።