የሙያ ምክር፦ «ባለሀብቱ ግጥም እንድጽፍ ሊከፍሉኝ ነው፤ ልፈርም?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጥ። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቃለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏም በእንግሊዝ ገጣሚዎችና በሀብታም ደጋፊዎቻቸው ግንኙነት ላይ ነበር። አንድ የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ መምህርነት ሊቀጥራት ተስማምቷል። በዚሁ መሀል አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ግጥሟን በአንድ መድረክ ላይ ሰምተው ውል አቀረቡላት። ለ18 ወራት በየወሩ 15 ሺህ ብር ይከፍሏታል፤ የመጽሐፏን ማሳተሚያም ይችላሉ። በምላሹ ለሟች እናታቸው መታሰቢያ የሚሆን ረጅም ግጥም ትጽፋለች፤ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት እሳቸው አይተው ያጸድቃሉ፤ በውሉ ዘመን የጻፈችው ሁሉ የድርጅታቸው ንብረት ይሆናል፤ ሌላ ሥራም አትይዝም። አባቷ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይሏታል። ጓደኞቿ «ብዕርሽን ሸጥሽ» ይሏታል። «ያጠናሁት ነገር እኔው ላይ መጣ» ብላ ምክር ትጠይቃለች።

ውድ እህቴ፣

ጓደኞችሽን ለጊዜው ወደ ጎን እንተዋቸው። ከባለጸጋ ገንዘብ መቀበል ብዕርን መሸጥ ከሆነ፣ አንቺ ስታጠኚው ከኖርሽው የእንግሊዝ ግጥም ግማሹን መጣል ሊኖርብን ነው። ገጣሚውን ቾሰርን ታውቂዋለሽ። በ1374 (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በየቀኑ አንድ ማሰሮ ወይን እንዲሰጠው አዘዘለት፤ በዚያው ዓመት የላንካስተሩ መስፍን ጆን ኦቭ ጎንት በዓመት 10 ፓውንድ ቆረጠለት። ሼክስፒርም ወረርሽኝ የለንደንን ቲያትር ቤቶች ባዘጋበት ጊዜ፣ በ1593 እና በ1594፣ ሁለት ረጃጅም ግጥሞችን ለሳውዝሃምፕተኑ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) አበርክቷል። ዛሬ እነዚህን ሁለቱን አድርባይ ብሎ ከመደርደሪያ የሚያወርዳቸው የለም።

አባትሽ ግን ደስ እንዳይላቸው፤ የታሪኩ ሌላ ገጽ አለ። ቾሰር ወይኑንና የመስፍኑን ገንዘብ ባገኘበት በዚያው ዓመት በለንደን ወደብ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ፤ መዝገቡንም በገዛ እጁ እንዲጽፍ ግዴታ ነበረበት። ቀን የሱፍ ሂሳብ፣ ማታ ግጥም። ሼክስፒርም ቲያትር ቤቶቹ ሲከፈቱ የአንድ የተዋንያን ቡድን ባለድርሻ ሆነ፤ ከመግቢያ ክፍያ ድርሻውን እያገኘ ኖረ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱ ፈርሞ ለአንድም መስፍን ያበረከተው ግጥም የለም። ሁለቱም የባለጸጋ እጅ ነክሰው አያውቁም፤ በዚያ እጅ ላይ ብቻ ግን አልተንጠለጠሉም። ስለዚህ ከውሉ መጀመሪያ የምሰርዘው «ሌላ ሥራ አትይዝም» የሚለውን አንቀጽ ነው።

ለምን እንደሆነ በገጣሚው በኮልሪጅ ልንገርሽ። በ1798 መጀመሪያ ላይ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆኖ ሊቀጠር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ የሸክላ ፋብሪካ ባለቤቶች የሆኑት የዌጅውድ ቤተሰብ ወንድማማቾች፣ ጆሳያና ቶማስ፣ በየዓመቱ 150 ፓውንድ ዕድሜ ልኩን ሊሰጡት ቃል ገቡለት። ቅድመ ሁኔታ አልነበረውም። ኮልሪጅ ስብከቱን ተወ። ቶማስ ሲሞት የእሱ ግማሽ በኑዛዜ ስለተጻፈ ሳይናጋ ቀጠለ። ጆሳያ ግን ከናፖሊዮን ጋር የተደረገው ጦርነት ንግዱን በጎዳበት ዘመን፣ በ1812፣ የራሱን 75 ፓውንድ አቋረጠ። ያኔ ኮልሪጅ ዕድሜው አርባ ዓመት ገደማ ነው፤ ቋሚ ሥራ የለውም፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉበት። ጆሳያ ክፉ ሰው አልነበረም። ነጋዴ ነበር። ያንቺም ደጋፊ አስመጪ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሪ አጥተው ዕቃቸው ጂቡቲ ላይ በቆመ ወር መጀመሪያ የሚቆረጠው የጉምሩክ አስተላላፊያቸው ክፍያ ይመስልሻል ወይስ የገጣሚዋ? በውሉ ላይ ክፍያው ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን የሚናገር አንድም መስመር የለም። በየሦስት ወሩ ቀድሞ እንዲከፈልሽ ጠይቂ፤ ከተቋረጠም ግዴታሽ በዚያው ቀን ያበቃል የሚል ይጻፍ።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ «በውሉ ዘመን የሚጻፈው ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል» ወደሚለው። እዚህ ላይ የብሪስቶሏን ወተት ሻጭ አን ይርስሊን አስታውሺ። በመመረቂያ ጽሑፍሽ ውስጥ ስለ እሷ ጽፈሽ ከሆነ እንደገና አንብቢው፤ አሁን የምታነቢው በሌላ ዓይን ነው። በ1784 ደራሲዋ ሐና ሞር ባገኘቻት ጊዜ ይህች ሴት ከነልጆቿ በረሀብ ልታልቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ሞር ግጥሞቿን አረመች፤ ለወዳጆቿ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከ1000 በላይ ሰዎች አስቀድመው ተመዝግበው የከፈሉበት መጽሐፍ በ1785 ታተመ። እስከዚህ ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ደግነት ከየት ይመጣል? ከዚያ ግን የተሰበሰበው ገንዘብ በሞርና በባለጸጋ ወዳጇ በኤልሳቤጥ ሞንታጉ ባለአደራነት እንዲቀመጥ ተደረገ። ገጣሚዋ ወለዱን ከእነሱ እጅ እየጠበቀች ትቀበላለች፤ በዋናው ገንዘብ ላይ ግን ሥልጣን የላትም። ሰነዱን አጣድፈው አስፈረሟት። ይርስሊ ነቅታ የፈረመችበትን ወረቀት ቅጂ ስትጠይቅና ለልጆቿ ማረጋገጫ ስትሻ ምስጋና ቢስ ተባለች፤ ወሬውም በሞር ወዳጆች ዘንድ ተዛመተ። እሷም ዝም አላለችም፤ የነገሩን አመጣጥ በራሷ አንደበት ጽፋ ከግጥሞቿ ጋር አሳተመችው። እንደ እናት የልጆቿን ጉዳይ ለመምራት የማትበቃ ተደርጋ መቆጠሯ ነው ከገንዘቡ በላይ ያንገበገባት። ጠብ ሆነ፤ ገንዘቡም በመጨረሻ በእጇ ገባ። በ1793 በብሪስቶል መጽሐፍ የምታከራይበት ቤት ከፈተች።

ለሞር ፍትሐዊ እንሁን፤ የፈራችው የይርስሊ ባል ገንዘቡን እንዳይወስድባት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሕግ ደግሞ ፍርሀቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ችግሩ ደግነቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። አንቺም «ጋሼ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው» ብለሽኛል። አምንሻለሁ። ውሉን የሚያስፈጽመው ግን ጥሩነታቸው አይደለም፤ ነገ ድርጅቱን ልጃቸው ወይም አንድ ሥራ አስኪያጅ ሊመራው ይችላል። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለመብቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ስለዚህ አንቀጹን ማሰረዝ ብቻውን አይበቃሽም፤ በቦታው «የግጥሞቹ መብት የገጣሚዋ ነው» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር መግባት አለበት። የእናታቸውን ግጥም በመታሰቢያ ጽሑፋቸውና በድርጅታቸው ዝግጅቶች እንደልብ እንዲጠቀሙበት ፍቀጂላቸው። ይገባቸዋል። ከመፈረምሽ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ ቢያነብልሽ ክፍያው ከአንድ ወር ድጋፍሽ በጣም ያነሰ ነው።

ማጽደቁን በተመለከተ ብዙ አልልም። ገጣሚው ጆን ክሌር ሄልፕስተን በምትባል መንደር የእርሻ ቀን ሠራተኛ ነበር፤ በ1820 የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲወጣ የኤክሰተሩ ማርኪስ (ይህም የመኳንንት ማዕረግ ነው) 15 ጊኒ (ከፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ የእንግሊዝ ገንዘብ)፣ ኧርል ስፔንሰር ደግሞ 10 ፓውንድ በዓመት ቆረጡለት። ገንዘብ በማሰባሰቡ ከሁሉ የደከመለት ሎርድ ራድስቶክ ግን ሀብትን የሚረግሙና ስለ መንደሩ መጥፋት የሚያለቅሱ ስንኞችን አንብቦ ተቆጣ፤ ካልወጡ ድጋፉን እንደሚያነሣ ዛተ። አሳታሚው ጆን ቴይለር ለጊዜው ተከላከለ፤ በአራተኛው እትም ላይ ግን ስንኞቹ የሉም። ራድስቶክ ይህን ያደረገው የማጽደቅ መብት በወረቀት ሳይሰጠው ነው። አንቺ ደግሞ ፈርመሽ ልትሰጪ ነው። ነገ ስለሚፈርስ ሰፈር አንድ ግጥም ብትጽፊ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪው ምን ይላሉ? ምናልባት ምንም። ምናልባት። እኔ የማቀርበው መካከለኛ መንገድ ይህ ነው፤ መጽሐፉን ከመታተሙ በፊት ያንብቡ፤ ካልወደዱት የእሳቸውም የእናታቸውም ስም ከመጽሐፉ እንዲወጣ የመጠየቅ መብት ይኑራቸው፤ ግጥም የማስወጣት መብት ግን አይኑራቸው። ክብራቸውን የሚጠብቅ፣ ያንቺንም ስንኝ የማይነካ አንቀጽ ነው፤ ብዙ ሰዎች ይቀበሉታል።

የእናታቸውን ግጥም ግን ያለ አንዳች ማመንታት ተቀበዪ። ጓደኞችሽ የሚያፍሩበት ይህንኑ ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ ከውሉ ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። ባለጸጋው ሰር ሮበርት ድሩሪ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት አንድ ልጁ ኤልሳቤጥ በታኅሣሥ 1610 ስትሞትበት ገጣሚው ጆን ደን አይቷት ስለማያውቃት ልጅ ረጅም ግጥም ጻፈ። ድሩሪ ገጣሚውን ይዞት ወደ አውሮፓ ተጓዘ፤ ለቤተሰቡም መኖሪያ ሰጠው። የዘመኑ ገጣሚ ቤን ጆንሰን «ስለ ድንግል ማርያም ቢሆን ኖሮ ያምርበት ነበር» ብሎ ተሳልቆበታል። ደን ግን በዚያች ልጅ ሞት ሰበብ የዓለምን ማርጀትና መፍረስ ያየበትን፣ ዛሬም የሚጠናውን ሥራ አወጣ። ትእዛዙ ጠባብ ነበር፤ ግጥሙ ሰፊ ሆነ። አንቺ ከደን አንድ ነገር ትበልጪያለሽ፤ የሟቿን ልጆች፣ ጎረቤቶችና የማኅበር ጓደኞች ቁጭ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ምን ብለው ይሳደቡ እንደነበር፣ ማንን አኩርፈው እንደሞቱ፣ ገንዘብ የት ይደብቁ እንደነበር ጠይቂ። «ደግ ነበሩ» የሚለውን ሁሉም ሰው ይነግርሻል፤ እሱ ለግጥም አይሆንም።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀውን ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንን ጠቅሰሽልኛል፤ በ1755 ለሎርድ ቼስተርፊልድ የጻፈውን፣ ሰው ውኃ ውስጥ ሲታገል ቆሞ የሚያይ፣ ዳር ከደረሰ በኋላ ግን በእርዳታ የሚያስጨንቀው ነው ወይ ደጋፊ የሚባለው ያለበትን። ደስ የሚል ቁጣ ነው። ሎርዱ መጀመሪያ 10 ፓውንድ ሰጥቶ ለዓመታት ከረሳው በኋላ፣ መዝገበ ቃላቱ ሊወጣ ሲል በጋዜጣ ስላሞገሰው ቁጣው ተገቢም ነበር። ነገር ግን ይኸው ጆንሰን በ1762 ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በየዓመቱ 300 ፓውንድ ሊቆረጥለት መሆኑን ሲሰማ እምቢ አላለም። በዚያው መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዲህ ያለውን ድጎማ ለቅጥረኛ የሚሰጥ ክፍያ ብሎ ተሳልቆበት ሳለ ማለት ነው። ከመቀበሉ በፊት ያደረገው ነገር ቢኖር ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎርድ ቢዩትን በምላሹ ምን እንደሚጠበቅበት መጠየቅ ነው። ቢዩትም ገንዘቡ የሚሰጥህ ወደፊት ለምታደርገው ሳይሆን እስካሁን ላደረግኸው ነው አለው። ከቁጣው ይልቅ ይህቺን ጥያቄ ውሰጂለት። (የዚህን ሰው ችግር የእኛም አገር ታቃልለት ነበር፤ በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ 5 ጊኒ ተከፍሎታል፤ በ1759 ደግሞ እናቱ በሞተችበት ወቅት ወጪውን ለመሸፈን የሐበሻውን ልዑል የራስላስን ታሪክ በጥድፊያ ጽፎ 100 ፓውንድ አግኝቶበታል።)

እሳቸው ማስተካከያዎቹን ባይቀበሉስ? የማሳተሚያውን ወጪ ከሌላ ማግኘት የማይቻል አይደለም። ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ ካቶሊክ በመሆኑ የመንግሥት ሹመት የማያገኝ ሰው ነበር። የሆሜርን ኢልያድ ተርጉሞ ከ1715 እስከ 1720 በስድስት ቅጽ ሲያወጣ 575 ሰዎች ለእያንዳንዱ ቅጽ አንድ ጊኒ ለመክፈል አስቀድመው ተመዘገቡለት፤ 5000 ፓውንድ ያህል አገኘበት፤ በቴምዝ ወንዝ ዳር ቤት ይዞ ኖረ። ያንቺ አንባቢ ያን ያህል አይሆንም፤ መድረክ ላይ የሚያጨበጭብ ሁሉ መጽሐፍ እንደማይገዛም ታውቂያለሽ። ግን መቶ ሃምሳ ሰው የቅድሚያ ክፍያ ቢፈጽም ለትንሽ እትም የማተሚያ ቤቱን ቀብድ ይሸፍናል፤ ሞክሪው።

ለአሁኑ እንዲህ አድርጊ። ማስተካከያዎቹን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ፦ ሌላ ሥራ የሚከለክለው ይሰረዝ፤ ክፍያው በየሦስት ወሩ ቀድሞ ይሁን፤ መብቱ ያንቺ ይሁን፤ ማጽደቁ ስም በማንሣት መብት ይተካ። ጉዳዩን በስልክ አትጨርሺው፤ ቢሮአቸው ሂጂ፤ ከገጹም በፊት ስለ እናታቸው አጫውቺአቸው። ትምህርት ቤቱን ደግሞ የግማሽ ቀን ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። መልስ የምትሰጪበት ቀን አስመጪው ሳይወስኑ ከደረሰ የትምህርት ቤቱን ፈርሚ፤ ግጥሙን ከልባቸው የሚፈልጉት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ብቻ የምትጽፍ ገጣሚም አትከብዳቸውም። ያረቀቅሽውን ገጽ ወደ እሳቸው ከመውሰድሽ በፊት ብትልኪልኝ አየዋለሁ።