ቸርቻችን ልጁ የአእምሮ ህመም ያለበትን ቤተሰብ እንዴት ይርዳ ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የሰንበት አስተማሪ ነኝ፣ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ አእምሮው ታሟል፣ ቤተሰቡም መምጣት አቁሟል፣ ምን እናድርግላቸው ብለሻል። እዚሁ ሐዋሳ ልጄ በ11 አመቱ ኦሲዲ (የማይፈልጉት ሀሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ህመም) ጀምሮት ያየሁትን ስለማውቅ ልመልስልሽ። ብዙ ሰው ጸልዩላቸው ብሎሻል፣ አዎ ጸልዩ፣ ግን እኛን የጎዳንም ያነሳንም ሌላ ነገር ነው።

1. መድሃኒት አቁሙ የሚል ሰው ቤታቸው እንዳይደርስ። እኔ በዚህ ነው የተቃጠልኩት። ልጄ እጁን ይታጠባል ይታጠባል፣ የጣቱ መጋጠሚያ ተሰነጣጥቆ እስኪደማ፣ ማታ ደሞ "ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ" ይልና በትክክል አላልኩትም ብሎ እንደገና ይጀምራል፣ አንዳንዴ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት። መጀመሪያ አስተማሪዎቹ ጸሎተኛ ነው እያሉ ያመሰግኑት ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሀኪሟ ፍሉኦክሰቲን የሚባል ክኒን ጀመረችለት፣ ለኦሲዲ ቶሎ አይሰራም፣ እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል ብላ ነግራኛለች። በሶስተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ የለም፣ እኔ ደክሞኛል፣ እንግዳ አገልጋይ መጣና ልጄን መድረክ ላይ አውጥቶ ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ "ስምህ ማነው?" አለው። ልጄ ስሙን ተናገረ። "አንተን አይደለም፣ ውስጥህ ያለውን ነው የጠየቅኩት" አለው በዛ ሁሉ ህዝብ ፊት። ከዛ ወደኔ ዞሮ ክኒን ካለ እምነት የለም፣ ጣይው አለኝ። ጣልኩት።

ከዛን ቀን ጀምሮ ልጄ ውስጤ ጋኔን አለ ብሎ አመነ። በፊት የሚፈራው ቆሻሻ ነበር፣ አሁን ራሱን መፍራት ጀመረ። አራት ወር ትምህርት ቤት አልሄደም። ቸርችም ያቆምነው ያኔ ነው፣ ያንቺዎቹም ለምን እንደቀሩ በደንብ ጠይቂ።

2. ሆስፒታል ብቻቸውን አትላኳቸው። መልሼ ስወስደው ካርድ ክፍል ያለችው ሴት በመስኮት "የእብዱ ልጅ እናት የታለች?" ብላ ጮኸች፣ ልጄ ቀሚሴን ይዞ ቆሟል፣ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን። አሁንም ሳስበው ያመኛል። ከናንተ አንድ ሰው ሄዶ ካርድ ያውጣ፣ ወረፋ ይያዝ፣ እናትየው ልጇን ይዛ ውጪ ትጠብቅ፣ የባጃጅና የመድሃኒት ብርም ሳያስለምኑ በየወሩ መስጠት ነው።

3. እናትየውን አሳርፏት። አንድ የቸርቻችን ትልቅ ሴት ነበሩ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ይመጣሉ፣ ምክር የለ ጥያቄ የለ፣ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ የትንሿን ልጄን ጸጉር ይሰሩላታል (ያቺን ልጅ በዛ ጊዜ ማንም አያያትም ነበር፣ እኔ ራሴ)፣ እኔ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። ያ እንቅልፍ ነው በእግሬ ያቆመኝ። ከዛ ፓስተራችን ራሳቸው ቤት መጡና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው "ልጄ፣ ውስጥህ ጋኔን የለም፣ ህመም ነው፣ ስሙም ኦሲዲ ነው፣ ያን ቀን ከመድረክ ሳላወርድህ በመቅረቴ ይቅር በለኝ" አሉት። ልጄ አለቀሰ። መድሃኒቱንም እንደገና ጀመርን፣ በዚህኛው ጊዜ እስከመጨረሻው ጠበቅን።

አንድ ነገር ደሞ፣ ልጁ "ጌታ ይቅር ብሎኛል?" እያለ ደጋግሞ ከጠየቀሽ አንዴ መልሺለትና በቃ። አስር ጊዜ ስንመልስለት ለሰዓቱ ያርፋል እንጂ ህመሙን ነው የምናሳድገው፣ ይሄን ያስተማረችን ሀኪሟ ናት። የሚፈራውን ነክቶ ሳይታጠብ ትንሽ ትንሽ እንዲቆይም ታለማምደው ነበር፣ እሷን አማክሮ የወጣቶች መሪያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይወስደው ጀመር። አንድ ቀን እኔም ሄድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዛ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያችንን ቆመዋል፣ ልጄ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ አሳ በሁለት እጁ ይዟል፣ ቅርፊቱ ጣቱ ላይ ተለጥፏል፣ "ባጃጁ ጋ እስክንደርስ" አለው መሪው፣ እሺ አለ፣ ሳይታጠብ ባጃጁ ጋ ደረሰ። አሁን 14 አመቱ ነው፣ ኳየር ውስጥ ይዘምራል፣ በልጄ እኮራለሁ።

ለሽማግሌዎቻችሁም ንገሪያቸው፣ የአለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 አመት ካሉት ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል፣ ክፍልሽ ውስጥ 30 ልጅ ካለ ያ ቤተሰብ ብቻውን ላይሆን ይችላል።

ሐዋሳ ከሆንሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ እናትየው ከፈቀደች አብረን እንሂድ፣ እሁድ ከሰዓት ይመቸኛል።