ሞክ ድራፍት እንዴት ይሠራል? ለዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊዎች ጥያቄና መልስ

ሚያዝያ ሲቃረብ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን የኮማንደርስ ደጋፊዎች ወሬያችን አንድ ነው፤ ቡድኑ ማንን ይመርጣል? ከየአቅጣጫው የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፉትቦል ስል የአሜሪካውን ማለቴ ነው፤ የአርሰናልን ጉዳይ ለሌላ ቀን እናቆየው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ኳስ የማውቀው በዝውውር ነው። ክለብ ይከፍላል፣ ተጫዋች ይገዛል፣ አለቀ። ይህ ድራፍት የሚሉት ምንድን ነው? ሞክ ድራፍቱስ?

መልስ፦ በኤንኤፍኤል (በአሜሪካው የፉትቦል ሊግ) ከኮሌጅ የሚወጣ ልጅ ክለብ አይመርጥም፤ ክለቡ ነው እሱን የሚመርጠው፣ ያውም ተራ ጠብቆ። 32 ቡድኖች በ7 ዙር ይመርጣሉ። ሐሙስ ማታ የመጀመሪያው ዙር ነው፣ ዓርብ 2ኛውና 3ኛው፣ ቅዳሜ የቀረው። ባለፈው ውድድር ከሁሉም የባሰው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሱፐር ቦውልን፣ ማለት የሊጉን ዋንጫ፣ የበላው 32ኛ ይሆናል። ሐሳቡን ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። ገንዘብ ያላቸው ክለቦች ጥሩ ጥሩውን ልጅ እያፈሱ ሲወስዱበት ሌሎቹን ባለቤቶች አሳመነና በ1936 የመጀመሪያው ድራፍት እዚያው ፊላደልፊያ ተካሄደ። በታሪክ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር ግን በኤንኤፍኤል አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። የመጀመሪያው ምርጫ ራሱ ከሽፏል ማለት ነው!

ሞክ ድራፍት ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ደጋፊውም ጋዜጠኛውም በቡድኖቹ ወንበር ተቀምጦ «ይሄ ቡድን እንትናን ይወስዳል» እያለ የሚሞላው ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ከፋንታሲ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፋንታሲ ላይ ከጓደኞችህ ጋር በሊጉ ያሉትን ተጫዋቾች ተከፋፍለህ ዓመቱን ሙሉ በነጥብ ትፎካከራለህ። ሞክ ድራፍት ላይ ነጥብ የለም። እውነተኛው ምርጫ ሲደረግ ወይ ትኮራለህ ወይ ይሳቅብሃል።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የራሴን መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከተጫዋቾቹ ስም አትጀምር። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የአንድ ልጅ ቪዲዮ ያይና ይወደዋል፤ ከዚያ ቡድኑን እሱ ላይ ለመስፋት ይታገላል።

በቅድሚያ ምን ዓይነት ሞክ እንደምትሠራ ወስን። ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ «እኔ ጄኔራል ማናጀር ብሆን ይህን አደርግ ነበር» የምትልበት ነው። ሌላው «የኮማንደርሱ ጄኔራል ማናጀር አዳም ፒተርስ ይህን ያደርጋል ብዬ እገምታለሁ» የምትልበት ነው። የመጀመሪያው የአንተ ምኞት ነው፣ ማንም ተሳስተሃል ሊልህ አይችልም። ሁለተኛው የሰውን ሐሳብ ማንበብ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያንተ ምርጫ ቦታ የለውም። በቡና ላይ ሲካረር የምሰማው ክርክር አብዛኛው የሚመጣው አንዱ ምኞቱን ሲናገር ሌላው ግምት መስሎት ሲያርመው ነው። ሞክህን ስታወጣ የትኛው እንደሆነ ከላይ ጻፍ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀርልሃል።

ግምት ነው ካልክ የምትከታተለው ይህን ነው። ኮንትራታቸው የሚያልቀው እነማን ናቸው? በመጋቢት ነፃ ተጫዋቾች ሲፈርሙ ቡድኑ የትኛውን ክፍተት ሞላ፣ የትኛውን ተወው? ማናጀሩ ካለፉት ዓመታት ምን ዓይነት ልጅ ይወዳል? ከልጆቹስ ማንን ጠርቶ አነጋገረ? በ2024 ዋሽንግተን 2ኛው ተራ ሲደርሰው ጄይደን ዳንኤልስ ነው፣ ድሬክ ሜይ ነው፣ ጄጄ ማካርቲ ነው እየተባለ ስንት ሌሊት ተጨቃጭቀናል። የሚጻፈው ስም ይለያይ ነበር እንጂ ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) እንደሚወሰድ የተጠራጠረ አልነበረም፤ ቡድኑ 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈበት ዓመት ነበርና። ዳንኤልስ ተመረጠ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ እስከ ኤንኤፍሲ (ከሊጉ ሁለት ጎራዎች የአንዱ) ፍጻሜም ደረሰ። እዚያ ኢግልስ 55 ለ23 እንዴት እንደቀጣን ግን አታስታውሱኝ።

ጥያቄ፦ ሲሙሌተር ላይ (ድራፍቱን አስመስሎ የሚያጫውተው ፕሮግራም ላይ) የአራተኛ ዙር ተራዬን ሰጥቼ የሌላውን ቡድን የአንደኛ ዙር ተራ ወሰድኩ። ሦስት ኮከብ ይዤ ወጣሁ። ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ ጥሩ ማጭበርበር ነው። ሲሙሌተሩ ኮምፒውተር ነው፣ ያዘነልህ ይመስላል። በእውነተኛው ዓለም ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሥራው እንዳይሸወድ መጠንቀቅ ነው።

ተራ መለዋወጥን እንደ እቁብ ዕጣ አስበው። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ለቸኮለ ሰው ሊለቅለት ይችላል፤ ግን ከላይ ጨምርልኝ ይለዋል። ስንት እንደሚጨመር የሚያሳይ ሠንጠረዥም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳላስ ካውቦይስ በጂሚ ጆንሰን ጊዜ የሠሩት ነው፤ ዛሬ ክለቦች የየራሳቸው የተሻሻለ ስሌት አላቸው፣ ለደጋፊ ግን አሁንም ይበቃል። በዚያ ሠንጠረዥ 1ኛው ተራ 3000 ነጥብ ነው፣ 2ኛው 2600፣ 16ኛው 1000፣ 32ኛው 590። የአራተኛው ዙር መጀመሪያ 112 ብቻ ነው። አምስት እንዲህ ያለ ተራ ብትሰበስብ 560 ይሆናል፤ የአንደኛው ዙር ጭራ ላይ እንኳ አያደርስህም። አንተ ደግሞ በአንዱ ወሰድኩ ትላለህ።

ስግብግብ ልውውጥ ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው እኛ ነን። በ2012 ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፈንን ለመምረጥ ከ6ኛ ወደ 2ኛ ተራ ከፍ ለማለት ለራምስ የሰጠው 6ኛውን ተራ፣ የዚያኑ ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ በተጨማሪም የ2013 እና የ2014 አንደኛ ዙሮችን ነው። ግሪፈን በመጀመሪያ ዓመቱ አገር ምድሩን አስጨበጨበ፤ ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ነገሩ አበቃ። በዚያው ድራፍት አራተኛ ዙር ላይ፣ በ102ኛው ተራ፣ ያለ ምንም ልውውጥ የተወሰደው ከርክ ከዝንስ ነው ኋላ ቡድኑን የመራው። በሞክህ ላይ የመጪዎቹን ዓመታት አንደኛ ዙር እንደ ዝርዝር ሳንቲም ስትበትን ይህን አስታውስ። በግሌ ልውውጥ ያለበትን ሞክ ሳይ፣ ሌላኛው ቡድን ለምን እሺ እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ አላነበውም።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርቡት ባለሙያዎችስ ያገኙታል?

መልስ፦ የላይኞቹን ጥቂት ያገኛሉ፤ ከዚያ እየባሰ ይሄዳል። ምክንያቱም ሰንሰለት ነው፤ 5ኛው ከተሳሳተ 6ኛው የሚያገኘው ልጅ ይለወጣል፣ 7ኛውም እንዲሁ። በ2025 ብዙዎቹ ሼዱር ሳንደርስን አንደኛ ዙር ላይ አስቀምጠውት ነበር። ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብ አለፈ፣ ልጁ አልተጠራም። ቅዳሜ አምስተኛ ዙር፣ 144ኛ ሆኖ ክሊቭላንድ ወሰደው፤ ያው ክለብ ከሱ በፊት ሌላ ኳርተርባክ መርጦ ነበር። በዚያው ድራፍት ጃክሰንቪል ከ5ኛ ወደ 2ኛ ዘሎ ትራቪስ ሀንተርን ሲወስድ የብዙዎቹ ሞክ ገና በሁለተኛው ተራ ተበላሸ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አትላንታ ለከዝንስ (የእኛው ከዝንስ!) የ4 ዓመት 180 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ባስፈረመ በሳምንታት ውስጥ በ8ኛው ተራ ማይክል ፔኒክስን፣ ሌላ ኳርተርባክ፣ መረጠ። ይህን በሞኩ የጻፈ ደጋፊ ቢኖር ኖሮ እብድ ይባል ነበር።

በነገራችን ላይ የዚህ ሥራ አባት የሚባለው ሜል ካይፐር የጎረቤታችን የባልቲሞር ሰው ነው። በ1994 የኮልትስን ምርጫ በቀጥታ ስርጭት ሲያብጠለጥል የክለቡ ኃላፊ በዚያው ቀን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ለመሆኑ ሜል ካይፐር ማነው?» ብሎ ጮኸበት። ካይፐርን ግን ዛሬ የማያውቅ የፉትቦል ደጋፊ የለም።

ጥያቄ፦ ቡድኑ የሚጎድለውን ቦታ ልሙላ ወይስ ከቀሩት ምርጡን ልጅ ልውሰድ?

መልስ፦ ሰው ሁሉ «ምርጡን» ይላል፣ ሲደርስ ግን ክፍተት ነው የሚሞላው። እኔ ክፍተትን የምቆጥረው ለሁለት ዓመት ነው። በ2025 መጋቢት ላይ ዋሽንግተን ላረሚ ተንስል የሚባለውን ትልቅ የግራ ታክል (ኳርተርባኩን ከሚያሳድዱት የሚከላከልለት ተጫዋች) ከሂውስተን አመጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ደጋፊ «ታክል አለቀለት» ብሎ ከሞኩ ሰረዘና 29ኛው ላይ የመከላከል ተጫዋች ጻፈ። ፒተርስ ጆሽ ኮነርሊ የሚባል ታክል መረጠ። ለዳንኤልስ ጤንነት ለሚጨነቅ ማናጀር አንድ ታክል አይበቃውም። የዘንድሮውን ቀዳዳ ብቻ የሚያይ ሞክ እንዲህ ያለውን አያገኝም።

ጥያቄ፦ አንደኛ ዙር መጨረሻ ላይ ቡድኖች ለምን ኳርተርባክ ለመውሰድ ይሯሯጣሉ? ጥቂት ተራ ቢጠብቁ ሁለተኛ ዙር ላይ ያገኙት የለ?

መልስ፦ ኮንትራቱ ነው። የማንኛውም ተመራጭ ኮንትራት 4 ዓመት ነው፤ በአንደኛ ዙር ለተመረጠ ብቻ ክለቡ ከፈለገ 5ኛ ዓመት ይጨምራል። ኳርተርባክ ላይ አንድ ርካሽ ዓመት ብዙ ሚሊዮን ነው። ሬቨንስ በ2018 ሁለተኛ ዙር ሳይጀመር 32ኛውን ተራ ከኢግልስ ገዝተው ላማር ጃክሰንን የወሰዱት ለዚህም ነው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የአዲስ ተመራጮች ደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2010 አንደኛ የወጣው ሳም ብራድፈርድ የ6 ዓመት 78 ሚሊዮን ፈረመ፤ በ2011 አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን የ4 ዓመት 22 ሚሊዮን። ስለዚህ ጎበዝ ወጣት ኳርተርባክ ያለው ክለብ የተረፈውን ገንዘብ ሌላ ቦታ ያፈሰዋል። ሞክህ ላይ ኳርተርባክ ሁልጊዜ ከምታስበው ቀድሞ ይሂድ፤ በ2024 ከመጀመሪያዎቹ 12 ምርጫዎች 6ቱ ኳርተርባክ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የ14 ዓመት ልጄ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ይህን ሞክ የሚባል ነገር ሲነካካ ያመሻል። ቁማር ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲሙሌተሩ ራሱ ቁማር አይደለም፤ ገንዘብ የለበትም፣ ስም መርጦ መመልከት ብቻ ነው። በድራፍት ውጤት ላይ ገንዘብ የሚያስይዙ መተግበሪያዎች ግን አሉ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከ21 ዓመት በታች አይፈቀድም። ስልኩ ላይ የትኛው እንዳለ አንድ ጊዜ ይመልከቱ። ሲሙሌተር ብቻ ከሆነ ለምን ያንን ልጅ እንደመረጠ ይጠይቁት፤ ስለ ደመወዝ ጣሪያና ስለ ኮንትራት ከእኔ የተሻለ ሊያስረዳዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰባቱንም ዙር መሙላት ትርጉም አለው?

መልስ፦ ለመዝናናት አዎ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ግን ማንም ምንም አያውቅም። ኋላ ኮከብ ኳርተርባክ የሆኑትን ሁለቱን ተመልከት፤ ቶም ብራዲ በ2000 በ199ኛው ተራ ነው የተመረጠው። ብሮክ ፐርዲ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ነበር። የእኛው ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት በ2025 በሰባተኛው ዙር፣ 245ኛ ሆኖ መጥቶ በዚያው ዓመት ቀዳሚ ሯጫችን ሆነ።

ጥያቄ፦ አንተ ብትሆን መጀመሪያ የምትመርጠው ምን ቦታ ነው?

መልስ፦ ኳርተርባክ ካለህ ግራና ቀኝ ታክል፣ ቀጥሎ ኳርተርባክ የሚያሳድድ ኤጅ። ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠውን) አንደኛ ዙር ላይ አልወስድም፤ ተናደዱብኝ።

ጥያቄ፦ በ2027 ድራፍቱ እዚህ ዲሲ ነው ይባላል። እኛ ታክሲና ኡበር የምንሠራ ምን እንጠብቅ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ናሽናል ሞል ላይ እንዲካሄድ በ2025 ይፋ ተደርጓል። ድራፍት ኒው ዮርክ አዳራሽ ውስጥ መካሄዱ ከቀረ ቆይቷል፤ በየዓመቱ ከተማ ይቀያይራል፣ ሜዳ ላይ ይወጣል። በ2024 ዲትሮይት ላይ በሦስቱ ቀን ከ700 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል። መግቢያው በነፃ ነው፤ ቀድሞ በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል። መሀል ከተማ መንገድ ይዘጋል ብላችሁ አስቡ፤ ከሞሉ አጠገብ ሰው ለማንሣት ከመታገል ከወንዙ ማዶ ከአርሊንግተን በኩል መሥራት ይሻላል። ሐሙስ ማታ ግን እኔ መኪናዬን አቁሜ ሜትሮ ይዤ ነው የምሄደው፤ ማንም ደውሎ እንዳያገኘኝ።