ቢሾፍቱ ይሻላል ወይስ ላንጋኖ?

ሰላም እህቴ፣ ለገና እናትሽንና ልጆችሽን ይዘሽ ጸጥ ያለ ሐይቅ ዳር ቤት ለመከራየት የት ይሻላል ብለሽ ነበር። ዋና ካማራችሁ ላንጋኖ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ደለሉ ነው። ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እናትሽን መንገዱ እንዳያደክማቸው።

እኔ ብሆን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር እከራያለሁ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጣጣው ደረጃው ነው። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኛ ቤቶቹ ከላይ፣ ውሃው ከታች ነው። አከራዩን "ሐይቁ ይታያል?" ብቻ ብለሽ አትለፊው፤ ይታያላ! ከበረንዳው እስከ ውሃው ድረስ እየወረደ በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽልሽ። ደረጃው መደገፊያ አለው? ግቢው በሐይቁ በኩል ታጥሯል? ውሃው ከዳር ብዙም ሳይርቅ ስለሚጠልቅ ከልጆቹ ላይ ዓይን መንቀል የለም። እናትሽ መውረድ ካቃታቸውም በረንዳው ሰፊ ይሁን፤ ቡናውን እዚያው ታፈያለሽ።

ጄኔሬተርና የውሃ ታንከር መኖሩን ጠይቂ። አጠገቡ ሙዚቃ የሚያስጮህ መዝናኛ ካለ ጸጥታውን እርሺው። የታኅሣሥ ማታ ብርድ አለው፣ ጋቢ ያዙ። የበዓል ሰሞን ዋጋው ስለሚሰቀል፣ ከቻልሽ ከገና በኋላ ባሉት የሥራ ቀናት ሂዱ። ቀብድ ስትከፍዪ ደረሰኝ መቀበል እንዳትረሺ።