የአገራት ወታደራዊ ወጪ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን «እገሌ አገር ለጦሩ ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር መደበ» የሚል ቁጥር በየቦታው ይመዘዛል። አብዛኛው ምንጭም ዓመትም የለውም። የመንግሥት ሒሳብ መመርመር ሥራዬ ስለነበር የማውቀውን ልመልስ። «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው። አንድ አደራ፦ ቁጥር ስታመጡ ማን እንዳወጣው፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ በስንት ምንዛሪ እንደተሰላ ጻፉ።

ከአዳማ፦ መምህር፣ ከዓለም አንደኛ ማነው?

መልስ፦ አሜሪካ። ስዊድን ያለው የስቶክሆልም የሰላም ምርምር ተቋም፣ ሲፕሪ፣ ለ2024 ያወጣው እንዲህ ነው፦ አሜሪካ 997 ቢሊዮን ዶላር፣ ቻይና በግምት 314፣ ሩሲያ በግምት 149፣ ጀርመን 88.5፣ ህንድ 86.1። የዓለም ድምር 2,718 ቢሊዮን ነው። «በግምት» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት።

ከቨርጂኒያ፦ ቻይና ራሷ የምትናገረው ከዚህ ያንሳል። ሲፕሪ ትርፉን ከየት አመጣው?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ቻይና ለ2024 ይፋ ያደረገችው 1.67 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ ነው። ወደ 230 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። ከሲፕሪ ጋር ከ80 ቢሊዮን በላይ ይለያያል። ልዩነቱ የመጣው «ወታደራዊ ወጪ» ውስጥ ምን ይግባ ከሚለው ነው። የታጠቀው ሕዝባዊ ፖሊስ፣ በሌላ በጀት ሥር ያለ የመሣሪያ ምርምር፣ ለተሰናባች ወታደር የሚከፈል ገንዘብ፤ ሲፕሪ እነዚህን ፈልጎ ይደምራል።

ቻይና ብቻ አይደለችም። አሜሪካ የኒውክሌር አረሯን የምትሠራው በኢነርጂ መሥሪያ ቤቷ በጀት ነው። የፔንታጎንን በጀት ብቻ ያየ ሰው ያንን አያገኘውም። ስለዚህ የአንዱን አገር ቁጥር ከራሱ መንግሥት፣ የሌላውን ከሲፕሪ ወስዳችሁ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ ውሰዱ።

ከሐዋሳ፦ ስለዚህ የአሜሪካ ጦር የቻይናን ሦስት እጥፍ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የቻይና ወታደር ደሞዙን የሚቀበለው በዩዋን ነው። ምግቡም፣ ልብሱም፣ ሰፈሩም በዩዋን ይከፈላል። ያንን ወጪ በባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር ስትቀይሩት ትንሽ ይመስላል። እዚያ አገር ግን ብዙ ነገር ይገዛል። ለዚህ ነው በመግዛት አቅም አስተካክለው የሚያሰሉት። የለንደኑ የስትራቴጂ ጥናት ተቋም የሩሲያን የ2024 ወጪ በባንክ ምንዛሪ 146 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አለው። በመግዛት አቅም ሲያሰላው 462 ቢሊዮን ሆነ። ከአውሮፓ አገሮች ድምር፣ ከ457 ቢሊዮን፣ በለጠ። ጦሩ አንድ ነው። የተለወጠው መለኪያው ነው።

ግን በመግዛት አቅም የተሰላውንም በጭፍን አትመኑ። ያ ስሌት በአብዛኛው ከተራ ሸማች ዕቃና ከአገልግሎት ዋጋ የተሠራ ነው። ከውጭ በዶላር የሚገዛ የአውሮፕላን ሞተር በዳቦ ዋጋ አይለካም።

በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የሆነውን ተመልከቱ። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ የሶቪየትን ጦር በዶላር የሚተምነው «ይህን ጦር እኛ ብናቋቁመው ስንት ይፈጅብን ነበር?» ብሎ ነበር። ለሶቪየት ምልምል የአሜሪካ ወታደር ደሞዝ ይታሰብለታል። አሜሪካ በ1973 የግዳጅ ምልመላን አቆመች። በፈቃደኝነት የሚገባ ወታደር ለመሳብ ደግሞ ደሞዝ መጨመር ነበረባት። ያኔ ሞስኮ አንድ ሰው ሳትጨምር ጦሯ በዶላር ሲሰላ ተወደደ! በ1976 ደግሞ ሲአይኤ የሶቪየት ጦር ከአገሪቱ የዓመት ጠቅላላ ምርት የሚወስደውን ድርሻ ከ6–8 በመቶ ወደ 11–13 በመቶ ከፍ አደረገው። የተገኘ አዲስ ታንክ አልነበረም። የሶቪየት ፋብሪካዎች ያንኑ መሣሪያ ሲሠሩ ከታሰበው በላይ እንደሚያባክኑ ሲአይኤ ስለተረዳ ነው። ሞስኮ ራሷ ለዓመታት ወደ 20 ቢሊዮን ሩብል ትላለች። የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ በግንቦት 1989 ወጥተው 77.3 ቢሊዮን ነው አሉ።

የቀድሞ ወታደር፦ ይቅርታ መምህር፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው። ቁጥር አይዋጋም። የሚዋጋው ሰው ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ ጀግናም ቢሆን ጥይት ይፈልጋል። ጥይት ያለ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

የቀድሞ ወታደር፦ አንተ ምሽግ ውስጥ አድረህ ታውቃለህ? ባድመ ላይ ማን በምን እንደተዋጋ ልንገርህ?

ከሐዋሳ፦ እባካችሁ ወደ ባድመ አትውሰዱን።

መልስ፦ የተዋጋ ሰው አከብራለሁ፣ ስለ ጀግንነትም አልከራከርም። የኔ ርዕስ ግን ገንዘቡ ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከጎንደር፦ ኢትዮጵያ ከዓለም ስንተኛ ናት?

መልስ፦ በየትኛው ምንጭ? በየትኛው ዓመት? በጠቅላላ ገንዘብ ነው ወይስ ከምርቷ አንጻር? መጀመሪያ ላይ አደራ ያልኩት ይህንን ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እሺ እኔ ለይቼ ልጠይቅ። ብር ከተንሳፈፈ በኋላ የመከላከያ በጀታችን በዶላር ቀነሰ ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ተባረኪ እህቴ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በእኛ 2016 ለመከላከያ የተያዘው 50 ቢሊዮን ብር ነበር። ይህን ለ57 አካፍይው፣ 877 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለ114 ስታካፍይው ግማሹ ይሆናል። አንድም ወታደር አልተሰናበተም፣ አንድም ጠመንጃ አልተሸጠም።

ግን «በወረቀት ብቻ ነው» ብለሽም አትለፊው። ደሞዝና ቀለብ በብር ነው። መለዋወጫ፣ ነዳጅና ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ በዶላር ነው። ያኛው ክፍል በእውነት ተወዷል። የበጀቱ ስንት እጅ ደሞዝ፣ ስንት እጅ ከውጭ ግዥ እንደሆነ ሳይታወቅ «ቀነሰ» ወይም «አልቀነሰም» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ሌላም አለ። በሰኔ የሚጸድቀውን በጀት ብቻ አትዩ። በእኛ 2014፣ ጦርነቱ ላይ ሳለን፣ በጥር ወር የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ከዚያ ወደ 90 ቢሊዮን የሚሆነው ለመከላከያ ነበር። የመጀመሪያውን ሰነድ ብቻ ያነበበ ሰው ያንን ዓመት ፈጽሞ አይረዳውም።

ከአሽዶድ፦ እኛ ጋ አሜሪካ የምትሰጠው ገንዘብ አለ። በእስራኤል ነው የሚቆጠረው በአሜሪካ?

መልስ፦ ሲፕሪ ወታደራዊ እርዳታን የሚቆጥረው በሰጪው ነው። በ2016 የተፈረመው ስምምነት ከ2019 እስከ 2028 በጠቅላላ 38 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱም ላይ ከደመራችሁት አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቆጠራችሁ። የእስራኤል የ2024 ወጪ 46.5 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ከምርቷ 8.8 በመቶ። በአንድ ዓመት 65 በመቶ ጨምሯል።

የግዳጅ አገልግሎትንም አስቡ። ልጁ የሚከፈለው ከመደበኛ ደሞዝ በጣም ያነሰ ነው። በጀቱ ላይ ርካሽ ይመስላል። እሱ በዚያ ጊዜ ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው ገንዘብ ግን የትም አይመዘገብም። ሸክሙን የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው።

ከመቀሌ፦ የኤርትራስ?

መልስ፦ ሲፕሪ ከ2003 በኋላ ለኤርትራ ቁጥር የለውም። አሁን ስለ ግዳጅ አገልግሎት ያልኩት ግን እዚያ ይብሳል። አገልግሎቱ ለዓመታት ይዘልቃልና።

ከዱባይ፦ የኤምሬትስ?

መልስ፦ ከ2014 በኋላ የለም። እኔም አልገምትም።

ከፍራንክፈርት፦ ጀርመን የኔቶ ዕዳዋን ሳትከፍል ኖራለች ይባላል። አሁን ከፈለች?

የቀድሞ ወታደር፦ አሜሪካ ብቻዋን ነው የምትከፍለው!

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ጊዜ የለም። ኔቶ የአሜሪካ፣ የካናዳና የአውሮፓ አገሮች ወታደራዊ ኅብረት ነው፣ ዕቁብ አይደለም። «ሁለት በመቶ» የሚባለው ለኔቶ ካዝና የሚገባ ገንዘብ አይደለም። አባል አገራት በ2014 ዌልስ ላይ የተስማሙት እያንዳንዱ አገር ከምርቱ ሁለት በመቶ ለራሱ ጦር እንዲያወጣ ነው። ያልደረሰ አገር ቃሉን አልጠበቀም እንጂ ለማንም ዕዳ የለበትም። የጋራ ካዝና ለብቻው አለ፣ ትንሽ ነው። እዚያ ላይ በ2024 እና በ2025 ጀርመንና አሜሪካ እያንዳንዳቸው 16 በመቶ ገደማ ያዋጡ ነበር። እኩል ማለት ነው።

በሰኔ 2025 ሄግ ላይ ደግሞ በ2035 አምስት በመቶ እንድረስ ተባባሉ። ሦስት ተኩሉ ለጦሩ ነው። አንድ ተኩሉ ለድልድይ፣ ለመንገድ፣ ለሳይበርና ለመሳሰለው ነው። ይህችን አንድ ተኩል በደንብ ተከታተሏት። ነገ አንዱ አገር የባቡር ሐዲዱን በዚህ ውስጥ አስገብቶ «ደርሻለሁ» ሊል ይችላል።

ከፍራንክፈርት፦ ታዲያ ጀርመን ገንዘቡን ከየት አመጣች?

መልስ፦ ከብድር። በ2022 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ አቋቋመች። በመጋቢት 2025 ደግሞ ከምርቷ አንድ በመቶ በላይ ያለው የመከላከያ ወጪ ከብድር ጣሪያው ውጭ እንዲሆን ወሰነች።

መንግሥታት ለጦር የሚያወጡት ገንዘብ ምንጩ ብዙ አይደለም። ግብር፣ ብድር፣ ብር ማተም፣ የማዕድን ገቢና እርዳታ ነው። ብሪታንያ የገቢ ግብርን በ1799 የጀመረችው ከፈረንሳይ ጋር ለነበረው ጦርነት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ በ1946 ከአሜሪካ የተበደረችውን የመጨረሻ ክፍያ የፈጸመችው በታኅሣሥ 2006 ነው። ስድሳ ዓመት! ያልተወለዱ ልጆች ከፈሉት ማለት ነው። አሜሪካ ደግሞ አፍጋኒስታንና ኢራቅ ስትገባ ግብር እየቀነሰች ነበር። ጦርነቱን በብድርና በአስቸኳይ ተጨማሪ በጀት ነው የቀጠለችው። ግብር ከፋዩ ወዲያው ካልተሰማው «ይበቃል» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የቺሊ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። የመንግሥቱ የመዳብ ኩባንያ ኮዴልኮ ከውጭ ሽያጩ አሥር በመቶውን በሕግ ለጦሩ ይሰጥ ነበር። የመዳብ ዋጋ ሲወጣ ጦሩ ይከብራል፣ ፓርላማው አይጠየቅም። ሕጉ የተሻረው በ2019 ነው።

ከጎንደር፦ መምህር፣ ስንተኛ ናት ላልኩት አልመለሱልኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንጭና ዓመት ጽፈህ ና፣ አብረን እናያለን።

ከሐዋሳ፦ ሸክሙን ለማወዳደር የቱን ቁጥር ልጠቀም?

መልስ፦ ከጠቅላላ ምርት ያለውን ድርሻ። ዩክሬን በ2024 ያወጣችው 64.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከሩሲያ ግማሽ አይሞላም። ከምርቷ ግን 34 በመቶ ነው። የሩሲያ 7.1 በመቶ ነው።

ከአዳማ፦ አንድ ድሮን ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የመሣሪያ ዋጋ የኔ ሙያ አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ በድሮ ዘመን እኛስ ጦር በምን ነበር የምናኖረው?

መልስ፦ ወታደሩ ገበሬው ላይ ይሰፍር ነበር። አብልቶ፣ አጠጥቶ የሚያሳድረው ገበሬው ነው። አፄ ምኒልክ በ1892፣ ከክፉ ቀን ረሃብ ማግስት፣ አሥራት ጣሉ። ገበሬው ከምርቱ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ ይሰጣል፣ ወታደሩ ቀለቡን ከዚያ ያገኛል። የታሰበው ወታደሩ ከገበሬው ቤት እንዲወጣ ነው። በሒሳብ ስታዪው ትልቅ ለውጥ ነው። ገበሬው የሚከፍለው ከዚያ በፊት ልክ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ በአዋጅ ልክ ተበጀለት። በተግባር ግን ወታደሩ ወዲያው አልወጣም። በብዙ ቦታ ገበሬው አሥራቱንም እየከፈለ ወታደሩንም ማብላቱን ቀጥሏል።